በሳምንት አንድ ሥራ፦ እኔና ባለቤቴ ቤታችንን የምናስተካክልበት መንገድ

የማይዘጋ የቁም ሣጥን በር፣ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ የሚል ቧንቧ፣ ሰው ሲቀመጥበት የሚነቃነቅ ወንበር። ለየብቻ ሲታዩ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ሲጠራቀሙ ግን ሰውን በገዛ ቤቱ ያሰለቹታል። እኔና ባለቤቴ «ጊዜ ስናገኝ» እያልን ብዙ አጠራቅመን ነበር። ሁለታችንም ሥራ ውለን ነው የምንገባው፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ ያ የምንጠብቀው ጊዜ ደግሞ በራሱ መጥቶ አያውቅም።

አሁን በየሳምንቱ አንድ ሥራ እንሠራለን። ቅዳሜ ጠዋት ተጀምሮ በዚያው ቀን፣ ከነጽዳቱ፣ የሚያልቅ አንድ ሥራ። ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል። ቤታችን ተለውጧል፤ ከቤቱም በላይ እኔና እሱ አብረን የምንሠራበት መንገድ ተለውጧል። ከትዳር ጓደኛቸው ጋር ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ማስተካከል ለሚፈልጉ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ የተማርነውን እጽፋለሁ።

ከሁሉ በፊት የሥራው መጠን። «መታጠቢያ ቤቱን ማደስ» የአንድ ቅዳሜ ሥራ አይደለም፤ የሚጀመርበት ጫፍ ስለሌለው ማንም አይነሣለትም። «በገንዳው ዙሪያ የጠቆረውን ሲልከን (ውሃ እንዳይገባ ክፍተቱን የሚደፍነውን ላስቲክ መሰል ማጣበቂያ) አውጥቶ በአዲስ መተካት» ግን ይጀመራል፣ ያልቃልም። ትልቅ የምንለውን ሥራ ሁሉ እንዲህ እንቆርጠዋለን፤ አቆራረጡ ላይ አንድ ጥብቅ ሕግ አለን። እያንዳንዱ ቁራጭ ሲያልቅ ክፍሉ እንደገና ለኑሮ መዋል አለበት። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ጥርሳቸውን የሚቦርሹበት፣ እኛም ልብሳችንን የምናገኝበት ቤት መኖር አለበት። ለሦስት ሳምንት ተፈታትቶ የሚቀመጥ ወጥ ቤት ማንንም ያጣላል።

ሲልከኑን ካነሣሁ አሠራሩን ልናገር፣ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነውና። አዲስ ሲልከን በአሮጌ ሲልከን ላይ አይጣበቅም። ስለዚህ አሮጌውን በምላጭ ቆርጦ፣ ቅሪቱን ፍቆ፣ ቦታውን በአልኮል ወልውሎ በደንብ ማድረቅ የሥራው ሦስት አራተኛ ነው። ከዚያ ከላይና ከታች የወረቀት ፕላስተር ይለጠፋል፣ ሲልከኑ ሳይቋረጥ በአንድ መስመር ይሳባል፣ በረጠበ ጣት ይስተካከላል፣ ፕላስተሩም ሲልከኑ ቆዳ ሳያወጣ ወዲያው ይነሣል። ቀጥሎ 24 ሰዓት ውሃ አይነካውም። ይኼ የመጨረሻው ነገር የቤተሰብ ጉዳይ ነው፦ ዓርብ ማታ ሁሉም ሰው ገላውን ታጥቦ ያድራል፣ ቅዳሜ ማታ ማንም መታጠቢያ ቤት ልግባ አይልም። ቀድሞ ካልተነጋገሩበት የተለፋበት ሁሉ በአንድ ሰው ሻወር ይበላሻል።

ሥራዎቹን የምንመርጠው ከአንድ ደብተር ነው። ደብተሩ ወጥ ቤት ውስጥ በክር ተንጠልጥሏል፤ ማንም የቤቱ ሰው ያስቸገረውን ነገር ይጽፍበታል። ትንሹ ልጃችን መጻፍ ሳይችል በፊት ይሥልበት ነበር። ከሥዕሎቹ አንዱ ከላይ መስመር፣ ከታች እጁን የዘረጋ ትንሽ ሰው ነበር። ምን እንደሆነ ስንጠይቀው ከመግቢያው በር አጠገብ ያለው የልብስ መስቀያ መሆኑን ነገረን። ካፖርቱን በየቀኑ መሬት ላይ ጥሎ የሚገባውን ልጅ ስንቆጣው ነው የኖርነው፤ መስቀያው ግን ከእጁ በላይ ነበር። በእሱ ቁመት ልክ ሁለት መስቀያ ገጠምን። ካፖርቱ ከዚያ ወዲህ መሬት ወድቆ አይገኝም፣ የጠዋትና የማታው ቁጣም ቀርቷል። ልጆችን ስለ ቤቱ ጠይቋቸው። እኛ ከቁመታችን የተነሣ የማናየውን ነገር ያያሉ።

ከደብተሩ ስንመርጥ ቅደም ተከተል አለን። ውሃ ይቀድማል። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በዓመት ወደ 10 ሺህ ሊትር ውሃ ያፈሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ውስጡ ያለው ያረጀ ጎሚኒ ነው። የመጸዳጃ ቤት ታንከር ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ሊያፈስ ይችላል። ታንከሩ ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጨምራችሁ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳትለቁት ቆዩ፤ ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ የታንከሩ መዝጊያ ጎሚኒ አይዝም ማለት ነው። ልጆቻችን ይህን ፍተሻ በጣም ይወዱታል።

ከውሃ ቀጥሎ ሰው የሚጎዳ ነገር ነው። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ሌላ ምንም ሥራ ባትሠሩ እንኳ ቁም ሣጥኑን፣ የመጽሐፍ መደርደሪያውንና ባለመሳቢያ ኮመዲኖውን ከግድግዳ ጋር እሰሩ። ልጅ መሳቢያውን ስቦ እንደ ደረጃ ሲወጣበት ከባድ ዕቃ ወደ ፊት ይገለበጣል፤ በዚህ የሞቱ ልጆች አሉ። ሥራው አንድ የብረት ማዕዘንና ሁለት ብሎን ነው። ግድግዳው ሲበሳ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በላይና በታች፣ ከቧንቧም ትይዩ ያለውን መስመር ራቁ፤ ሽቦውና ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በዚያ ነው። ለ6 ሚሊ ሜትር ፊሸር (ብሎኑን እንዲይዝ ቀዳዳው ውስጥ ለሚገባው ፕላስቲክ) የ6 ሚሊ ሜትር መብሻ ተጠቀሙ፤ ቀዳዳው ትንሽ እንኳ ከሰፋ ብሎኑ ይዞራል እንጂ አይዝም።

የሙቅ ውሃውም ነገር እዚሁ ላይ ይነሣል። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ቆዳን ክፉኛ ለማቃጠል ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል፣ 49 ዲግሪ ላይ ግን ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ማሞቂያው ውስጥ ያለው ውሃ ባክቴሪያ እንዳይራባበት ወደ 60 ዲግሪ እንዲሆን ይመከራል። ስለዚህ እኛ ቧንቧው ከመድረሱ በፊት ቀዝቃዛ የሚቀላቅል ቫልቭ በባለሙያ አስገጠምን። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በየቀኑ የሚያስቸግሩ ነገሮች፣ በመጨረሻም የማማር ጉዳይ የሚመጣው።

አሁን ለትዳራችን ከሁሉ በላይ ወደ ጠቀመን ነገር ልምጣ። እያንዳንዱ ሥራ አንድ አለቃ አለው። አንዱን ሳምንት እኔ፣ ቀጣዩን እሱ። አለቃው አሠራሩን ይወስናል፤ ሌላው ያቀብላል፣ ይይዛል፣ ያጸዳል። ረዳቱ ሐሳብ ካለው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይናገራል። ከተጀመረ በኋላ ጣልቃ የሚገባው ሰው የሚጎዳ ነገር ካየ ብቻ ነው።

ይህ ሕግ ከመምጣቱ በፊት አብረን አንድ ምስማር መምታት ይከብደን ነበር። ባለቤቴ አስቦ፣ ለክቶ፣ ደግሞ ለክቶ የሚሠራ ሰው ነው። እኔ እጄን ካላስገባሁ ነገሩ አይገባኝም። እሱ ሲለካ እኔ የዘገየ ይመስለኛል፣ እኔ ስጀምር እሱ የቸኮልኩ ይመስለዋል። ሁለታችንም ትክክል ነን፣ አንድ መደርደሪያ ላይ ግን ሁለት ትክክል አይቆምም። አለቃ ሲኖር ጥያቄው ያልቃል። እኔ በመራሁበት ሳምንት ሥራው በእኔ መንገድ ይሄዳል፣ እሱም ይህን አውቆ በሙሉ ልቡ ያግዘኛል። በእሱ ሳምንት እኔ ውሃ ልኩን፣ ዕቃው አለመዝመሙን የሚያሳየውን መለኪያ፣ ይዤ እቆማለሁ። እንዲህ ስንሠራ ማንም ያልጠበቀው ነገር መጣ፦ ዝም ብሎ ማገዝ የሌላውን ችሎታ ለማየት ጊዜ ይሰጣል። ባለቤቴ በር ሲገጥም ያለውን ትዕግሥት ያየሁት አጠገቡ ዝም ብዬ በቆምኩበት ሳምንት ነው። እሱም እኔ ቀለም ላይ ያለኝን እጅ በዚያው መንገድ አወቀ።

ቀለም ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ባልና ሚስት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ የሚጀምሩት ሥራ እሱ ነውና። ቀለም የሚበላሸው ጣሳው ከመከፈቱ በፊት ነው። ግድግዳው ላይ ቅባትና አቧራ ካለ ምንም ዓይነት ውድ ቀለም አይዘውም። በለስላሳ ሳሙና አጥቡት፣ ይድረቅ። ስንጥቁንና የምስማር ቀዳዳውን በስቱኮ ስትሞሉ አንዴ በወፍራሙ ከመለጠፍ ሁለት ጊዜ በስሱ ማስኬድ ይሻላል፤ ወፍራሙ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በካርታቬትሮ አለስልሱት፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ የተሞላው ቦታ ላይ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን መነሻ፣ ቀቡበት። ፕራይመር ካልነካው ስቱኮው ቀለሙን ይመጥና ግድግዳው ላይ የደበዘዙ ክቦች ሆኖ ይታያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቤቱ ያረጀ ከሆነ ከሥር ያለው ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። የእርሳስ ብናኝ በተለይ ለትንንሽ ልጆችና ለነፍሰ ጡር ሴት ክፉ ነው፣ የልጅን አእምሮ ይጎዳል። እንዲህ ያለውን ቀለም በደረቁ አትፈግፍጉ። ሳትነኩት በፊት አስመርምሩ፣ ከተገኘበትም ለባለሙያ ስጡት።

የቀለሙን መጠን ለማወቅ የክፍሉን ዙሪያ በቁመቱ አባዙት። 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.6 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 14 ሜትር ነው፤ ግድግዳው 36 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። በሩንና መስኮቱን ስትቀንሱ 33 ገደማ ይቀራል። የውሃ ቀለም 1 ሊትሩ ለአንድ ዙር ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ሻካራ ወይም አዲስ ልስን ከሆነ ግን ከዚህ ያነሰ። ለሁለት ዙር 7 ሊትር ያዙ። ይህን ስሌት አሁን የምትሠራው ትልቋ ልጃችን ናት። ሒሳብ ትጠላ የነበረች ልጅ ሜትር ይዛ ከግድግዳ ግድግዳ ስትሮጥ ሳይ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ስንቀባ እኔና ባለቤቴ የተለያየ ልማድ ነበረን። እኔ የክፍሉን ጠርዝ በሙሉ በብሩሽ ጨርሼ ወደ ሩሎ መሄድ እወድ ነበር፤ እሱ አንዱን ግድግዳ ጠርዙንም መሐሉንም ጨርሶ ወደ ሌላው ያልፋል። በእሱ ሳምንት በእሱ መንገድ ሠራንና ልዩነቱን አየሁት። ጠርዙ ሳይደርቅ ሩሎው ከደረሰበት ሁለቱ ይዋሃዳሉ፣ ከደረቀ በኋላ ከሄዳችሁበት ግን መስመር ይታያል። አሁን እኔ ብሩሹን ይዤ እቀድማለሁ፣ እሱ ሩሎውን ይዞ ይከተለኛል። አብረን ከምንሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ይህን እወዳለሁ። እጅ ሥራ ላይ ሆኖ ዓይን ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን የማንነጋገረውን ነገር እንነጋገራለን።

በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዙር መካከል እንደ ቀለሙ ዓይነት ከ2 እስከ 4 ሰዓት መጠበቅ አለ። ይህን ጊዜ ሌላ ሥራ አንከትበትም። ከልጆቹ ጋር እንወጣለን፣ ወይም ወለሉ ላይ የተነጠፈው ጨርቅ ላይ ተቀምጠን እንጫወታለን። የወረቀት ፕላስተሩን የመጨረሻው ዙር ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አንሡት፣ ከደረቀ ቀለሙን ይዞ ይላጣል።

ረቡዕ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የቅዳሜውን ሥራ እናዘጋጃለን። ብዙ ጊዜ አይወስድም። የሚለካውን እንለካለን፣ ዕቃው መሟላቱን እናያለን፣ አሠራሩን የማናውቀው ከሆነ አለቃው ያነባል። የቧንቧ ጎሚኒ ወይም የበር ማጠፊያ የሚለወጥ ከሆነ አሮጌውን ፈትቶ ሱቅ ይዞ መሄድ ነው፤ በቃል የተነገረ መጠን ሰውን ሁለቴ ያመላልሳል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን አንዲት ብሎን ፍለጋ እንዳይጠፋ የሚያደርገው የረቡዕ ዝግጅት ነው።

ልጆች እንዴት ይሳተፉ ለሚለው፣ የማስመሰያ ሥራ አትስጧቸው። ያውቁታል። ትንሹ ብሎኖችን በየመጠናቸው ይለያል፣ የውሃ ልኩን አረፋ አንብቦ «መሐል ነው» ወይም «ወደ እናቴ ሄዷል» ይላል። እሱ ካላነበበ መደርደሪያው አይታሰርም። ትልቋ የዓይን መከላከያ አድርጋ፣ አንዳችን አጠገቧ ቆመን፣ በትራፓኖ ትበሳለች። ቲነር፣ የኤሌክትሪክ መጋዝና የሚፈገፈግ አሮጌ ቀለም ባለበት ግን ሁለቱም አይገቡም፤ በዚያ ቀን ከእኛ አንዱ ከእነሱ ጋር ውጭ ይውላል። ልጅቷ ስቱኮ የሞላችበትንና የቀባችውን ግድግዳ ወንድሟ በእርሳስ ሊሥልበት ሲል እንዴት እንደተቆጣችው ብታዩ። እኛ ስንት ጊዜ ነግረናት ያልሰማችውን እሷው ትነግረው ነበር።

ትልቋ ራሷ የመራችው አንድ ሥራም አለ፣ የክፍሏ በር። ከታች ወለሉን እየፈገፈገ አልዘጋ ብሎ ነበር። ብዙ ሰው ወዲያው በሩን አውርዶ ይላጋል፤ ከመላግ በፊት ግን ማጠፊያዎቹን ማየት ያስፈልጋል። የላይኛው ማጠፊያ ብሎኖች ሲላሉ በሩ ወደ ፊት ይዘምማል፣ የታችኛው ጥግም ወለል ይነካል። ብሎኖቹን በካቻቢቴ አጠበቀች፣ ሁለቱ ግን ዝም ብለው ይዞሩ ነበር። ቀዳዳዎቹን የእንጨት ሙጫ በነካ ስንጥር ሞላች፣ ሲደርቅ ትርፉን ቆርጣ መልሳ አሰረችው። ይህም ባይበቃ ኖሮ ከላይኛው ማጠፊያ አንዱን ብሎን በረጅም፣ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ፣ ከመቃኑ ኋላ ያለውን እንጨት በሚይዝ መለወጥ ነበር። እርጥበት በበዛበት ወቅት ያበጠ በር ከሆነም አትላጉት፤ አየሩ ሲደርቅ ወደ መጠኑ ይመለሳልና ያኔ ክፍተት ይተውላችኋል።

የማንነካቸው ነገሮች አሉ። የመብራት ቆጣሪና የብሬከር ሳጥን፣ ጋዝ፣ ቤቱን የተሸከመ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ። እነዚህ የሚያውቃቸው ሰው አላቸው። ባለሙያ የመጣ ቀን የእኛ ሥራ ቦታውን ማዘጋጀት፣ አጠገቡ ሆኖ መጠየቅና የሠራውን ደብተሩ ላይ መጻፍ ነው። በጽዳትም ጊዜ በረኪናን ከአሞኒያ ወይም አሲድ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። እንጨት ለማወዝ የምትጠቀሙበት የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ማንም ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሩት።

ባለቤቴ ሥራውን ያጣበት ጊዜ ነበር። ደብተሩን ለጊዜው ልንዘጋው አስበን ነበር፣ ወጪ እንዳይሆን ብለን። እሱ ግን ተቀምጦ ደብተሩን አገላበጠና ምንም ግዢ የማይፈልጉትን ሥራዎች ለይቶ ጻፈ። ብዛታቸው አስገረመኝ። የላሉ ወንበሮችን እግር ማጥበቅ፣ የቧንቧ ጫፍ ወንፊቶችን ፈትቶ በኮምጣጤ ዘፍዝፎ ኖራውን ማስለቀቅ፣ የሚጮሁ ማጠፊያዎችን ዘይት መቀባት፣ የልጆቹን አልጋ ከመስኮቱ አጠገብ ማንሣት፣ በቤት ውስጥ የቀሩ ቀለሞችን ሰብስቦ የዕቃ ማስቀመጫዋን ትንሽ ክፍል መቀባት። ከእኔ ጋር ተነጋግረን በእነዚያ ወራት አለቃው ሁልጊዜ እሱ ሆነ። ከቤት ወጥቶ የሚሠራው ሥራ በጠፋበት ጊዜ ልጆቹ አባታቸውን በየቅዳሜው የሚያዩት ሲሠራና ሲያሠራቸው ነበር። እሱም «ይህ ባይኖር አልጋዬ ውስጥ እቀር ነበር» ብሎኛል። በትዳር ውስጥ ከባድ ጊዜ ለገጠማችሁ ይህን ልነግራችሁ እፈልጋለሁ፤ ትልቁ ነገር አልስተካከል ሲል የሚስተካከል ትንሽ ነገር መኖሩ ሰው ያቆማል።

ያልሠራንባቸው ሳምንታትም አሉ። ልጅ ሲታመም፣ ዘመድ ሲመጣ፣ ወይም ሁለታችንም ስንደክም ደብተሩን እንተወዋለን፤ ያለፈውን ለማካካስ ቀጣዩ ቅዳሜ ሁለት ሥራ አንሠራም። የተኮራረፍን ሳምንት ደግሞ ብዙ መነጋገር የማይጠይቅ ሥራ እንመርጣለን፣ እንደ መደርደሪያ ማጽዳትና ማጠፊያ ዘይት መቀባት ያለ። ቀለም የመምረጥ ሥራ በዚያ ሳምንት አይደረግም። ስለ ቀለም ካነሣሁ፣ ሁለታችንም ካልተስማማንበት አንቀባውም። ሁለት ሦስት ምርጫ በትልቅ ወረቀት ላይ ቀብተን ግድግዳው ላይ እንለጥፍና ለአንድ ሳምንት ጠዋትም ማታም እናየዋለን። በቀን ብርሃን ያማረው በአምፖል ሌላ መልክ ይይዛል።

ለመጀመር ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። መዶሻ፣ ጠፍጣፋና ባለመስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ የስቱኮ መለጠፊያ፣ የዓይን መከላከያና ጓንት ይበቃሉ። ትራፓኖውን በመጀመሪያ ከሰው ተዋሱ፤ ደጋግማችሁ ስትፈልጉት ያኔ ግዙት። ለመጀመሪያው ቅዳሜ ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ምረጡ፣ ሁላችሁም በየቀኑ የምትነኩትን ነገር፦ የሚነቃነቅ የበር እጀታ ወይም የሚያንጠባጥብ ቧንቧ። ቧንቧውን ከመረጣችሁ ከመፍታታችሁ በፊት ውሃውን ከሥር ዝጉ፣ የመታጠቢያውን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑ ብሎኗ እንዳትገባበት፣ የፈታችሁትንም በፈታችሁበት ቅደም ተከተል ፎጣ ላይ ደርድሩት። አለቃው ማን እንደሆነ ግን ካቻቢቴው ከመነሣቱ በፊት ተስማሙ።